ዘና ለማለት ስጋደም ሐሳቤ ይበዛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምሠራው። ማታ ማታ ማጅራቴና ትከሻዬ ድርቅ ይላል፣ ወገቤንም ያመኛል። ሐኪም አይቶኝ የሚያሰጋ ነገር የለም ብሎኛል። ቤት ውስጥ የሚያሳርፍ ዮጋና በድምፅ የሚመራ እረፍት በየቀኑ ለመሥራት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ሳምንት ሳይሞላ አቋረጥኩት። የ40 ደቂቃ ቅጂ ከፍቼ ምንጣፍ ላይ በጀርባዬ እተኛለሁ። ወይ ወዲያው እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ወይ ሐሳብ ይበዛብኝና ተበሳጭቼ እነሳለሁ። እንደዚያ ስተኛ ደግሞ ወገቤ ይብስብኛል። ነገሩ ለእኔ የማይሆን ነው ወይስ አያያዙን አላውቅበትም?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ነገሩ ለእርስዎም ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን «ወገቤ ይብስብኛል» ያሉትን እንያዝ። እንቅልፉም የሐሳቡም ብዛት የየራሳቸው መላ አላቸው፤ እንመጣባቸዋለን። ወገቡን እያመመው የተጋደመ ሰው ግን ቀልቡ አይሰበሰብም። አንድ ቦታ ላይ ሕመም ካለ በዙሪያው ያሉ ጡንቻዎች ቦታውን ለመጠበቅ ይኮማተራሉ፤ አእምሮም አብሮ ነቅቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ቅጂውን ከመቀየርዎ በፊት አተኛኘትዎን ይቀይሩ።

ወገብዎ የሚብሰው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከታችኛው አከርካሪ ተነስተው በዳሌ በኩል አልፈው ጭን አጥንት ላይ የሚያያዙ ጡንቻዎች አሉ። ቀኑን ሙሉ በተቀመጥን ቁጥር እነሱ አጥረው ይውላሉ። እግርን ዘርግተን ወለል ላይ በጀርባ ስንተኛ ወገብን ወደ ላይ ይስቡትና ከወለሉ ጋር እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል። ያ ክፍተት እስካለ ድረስ ወገብ ሥራ ላይ ነው። ጉልበት ታጥፎ ከሥሩ ድጋፍ ሲገባ ስበቱ ይላላል፣ ወገቡም ሳይጫኑት በራሱ ይወርዳል።

የሚያሳርፍ ዮጋ ከሌላው ዮጋ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በተለመደው ዮጋ ጡንቻ ሲለጠጥ መሰማቱ ይፈለጋል። በዚህኛው ግን ሲለጠጥ ከተሰማዎ ድጋፉ አንሷል ማለት ነው፤ ምንም እስከማይሰማዎ ድረስ ይጨምሩ። በሕንድ ፑኔ ከተማ ያስተምሩ የነበሩት ቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋር (እ.ኤ.አ. 1918–2014) ወንበር፣ ቀበቶ፣ የእንጨት ብሎክና የታጠፈ ብርድ ልብስ ለዮጋ መደገፊያነት እንዲለመዱ ያደረጉ ሰው ናቸው። ተማሪያቸው አሜሪካዊቷ ጁዲት ላሳተር ደግሞ የእረፍቱን ክፍል ለብቻው ይዘው አስፋፉት። ብዙ ጀማሪዎች ድጋፍ መጠቀም የድክመት ምልክት ይመስላቸውና አንድ ስስ ትራስ ብቻ ይዘው ይተኛሉ። በዚህኛው ልምምድ ግን አብዛኛው ሥራ ድጋፉን በትክክል ማስቀመጡ ነው፤ ከተኙ በኋላ የሚቀርዎ ነገር ጥቂት ነው።

የሚያስፈልግዎ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ነው፤ ጠንከር ያሉ ሁለት ብርድ ልብሶች፣ አንድ ተጨማሪ መሸፈኛ፣ ሁለት ትልልቅ ፎጣዎች፣ ሁለት የአልጋ ትራሶችና ጎማ የሌለው ወንበር። አልጋዎ ላይ አይሥሩት። ፍራሽ ዳሌን ያሰምጣል፣ ወገብንም ያጎብጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰውነትዎ አልጋን የሚያውቀው በእንቅልፍ ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ በምንጣፉ ላይ አንድ ብርድ ልብስ አጥፈው ያንጥፉ።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ አተኛኘት ብቻ ይያዙ፤ ባትን ወንበር ላይ አሳርፎ መተኛት። ከሁሉም አተኛኘት ይህን የመረጥንልዎ ለደከመ ወገብ የሚስማማ፣ ለመሳሳትም የማያመች ስለሆነ ነው።

ወንበሩን ከምንጣፉ ጫፍ ያድርጉት፣ እንዳይንሸራተትም ጀርባውን ግድግዳ ያስነኩት። ከፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ በጎን ይቀመጡና በክርንዎ ተደግፈው በጀርባዎ ይገልበጡ፤ ከዚያ እግርዎን አንድ በአንድ ወደ ወንበሩ ያንሱ። ባትዎ ከጉልበት እጥፋት እስከ ቁርጭምጭሚት ድረስ መቀመጫው ላይ ማረፍ አለበት፤ ተረከዝ ብቻ ካረፈ ጉልበት ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጭንዎ ወደ ላይ ቀጥ ያለ ወይም ወደ ቀጥታ የተጠጋ ይሁን። ወንበሩ ከፍ ብሎብዎ መቀመጫዎ ከወለሉ ከተነሳ ከዳሌዎ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ ያስገቡ። ዝቅ ካለብዎ ደግሞ ብርድ ልብሱን ወንበሩ ላይ ያንጥፉት። የመቀመጫው ጠርዝ የጉልበት እጥፋትን ከተጫነ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እግርዎ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ ጠርዙን በፎጣ ይሸፍኑት። ጉልበቶችዎ ወደ ውጭ እየወደቁ የሚያስቸግሩ ከሆነ ጭኖችዎን በቀበቶ ወይም በነጠላ ጨርቅ ላላ አድርገው ይሰሩ። ጭንዎ ለመያዝ መልፋቱን ያቆማል።

አንገትን በጥንቃቄ ያስተካክሉ፤ የማጅራትዎ ነገር እዚህ ነው ያለው። አንድ ትልቅ ፎጣ በርዝመቱ ሦስት ቦታ ይጠፉ። ከዚያ አንደኛውን ጫፍ የሁለት ጣት ውፍረት እስኪኖረው ይጠቅልሉት፣ ቀሪውን ዝርግ አድርገው ይተዉት። ጥቅልሉ የአንገትዎን ጎድጓዳ ይሞላል፣ ዝርጉ ከጭንቅላት ሥር ይገባል። ትከሻ ፎጣው ላይ አይወጣም። በትክክል መቀመጡን የሚያውቁት በአገጭዎ ነው፤ አገጭ ከግንባር ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። አገጭ ወደ ጣሪያ ካንጋጠጠ የማጅራት ጡንቻዎች ተጨምድደው ይቆያሉ፣ ሐሳብም አይረጋም። ትራስ ሲበዛ ደግሞ አገጭ ደረትን ይነካና መተንፈስ ይከብዳል።

ክንዶችዎን ከጎንዎ አንድ ክንድ ያህል ያርቁ፣ መዳፍ ወደ ላይ። መዳፉን ከእጅ አንጓ ብቻ አይገልብጡት፤ ክንዱ ከትከሻ ጀምሮ ይዙር። የእጅዎ ጀርባ ወለሉን ካልነካ ትከሻው አሁንም ሥራ ላይ ነውና ከክንድዎ ሥር የታጠፈ ፎጣ ያድርጉ። ከዚያ ይሸፈኑ። ባይበርድዎትም ይሸፈኑ፤ ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ቅዝቃዜ ደግሞ ጡንቻን መልሶ ያኮማትራል። ዓይንዎን በስስ ጨርቅ ይጋርዱ፤ የዓይን ኳስን የሚጫን ከባድ ነገር ግን አይሁን።

አሁን 10 ደቂቃ ይቆያሉ። ማንቂያውን ለስላሳ ድምፅ ሰጥተው ይሙሉት፣ የስልክዎን ጥሪና መልእክት ይዝጉ። ሲጀምሩ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ይሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያውጡ። ይህን አሥር ጊዜ ካደረጉ በኋላ ቁጥሩን ይተዉት። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ከአንጎል ወደ ልብ በሚወርደው በቬገስ ነርቭ አማካይነት ትንሽ ዝግ ይላል፤ ማስወጫውን ማርዘማችን ለዚህ ነው። ትንፋሹ ትልቅ መሆን ግን የለበትም። «በረጅሙ ተንፍስ» ሲባሉ ደረታቸውን እየነፉ የሚስቡ ሰዎች ከልክ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጡና ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ ጣታቸውና ከንፈራቸው ውርር ይላቸዋል። እንዲህ ካጋጠመዎ ትንፋሹን ያሳንሱት፣ ወይም ቁጥሩን 3 እና 4 ያድርጉት።

ሐሳብ ለሚበዛበት ሰው ጸጥ ብሎ መተኛት ብቻውን ይከብዳል፤ አእምሮው የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻን እያጠበቁ የመልቀቅን ዘዴ ብንመክርዎ የምንወደው ለዚህ ነው። ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያስተዋወቁት አሠራር ነው። ቀኝ እጅዎን ለ5 ሰከንድ ያህል ይጨብጡ፣ በአንድ ጊዜ ይልቀቁ፣ ከዚያ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ድረስ የሚሰማዎን ብቻ ይከታተሉ። ቀጥሎ ክንድ፣ ቀጥሎ ግራው፣ ከዚያ ግንባር፣ ዓይን፣ መንጋጋ፣ ትከሻ፣ ሆድ፣ ጭን፣ ባት። ለረጅም ጊዜ ሲወጠር የኖረ ሰው መወጠሩን አያውቀውም፣ እንደ ተፈጥሮው ይቆጥረዋል። አጥብቆ ሲለቅ ግን ልዩነቱ ይታወቀዋል። በሙሉ ኃይልዎ አይጨብጡ፤ ግማሹ ይበቃል። ባት ላይ ሲደርሱ የእግር ጣቶችን ወደፊት አይዘርጉ፣ የባት ጡንቻ ይሸማቀቃል፤ ወደ ቅልጥም ይሳቧቸው። አንገትን ጨርሶ አያጥብቁ፣ ትከሻን ወደ ጆሮ ማንሳቱ ይበቃዋል። መንጋጋን ሲለቁ ጥርስ ከጥርስ ይላቀቅ፣ ምላስም ከላንቃ ይውረድ።

በሦስተኛው ሳምንት በድምፅ ወደሚመራው እረፍት ይሻገሩ። ዮጋ ኒድራ ተብሎ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት መልክ የሕንዱ የቢሃር ዮጋ ትምህርት ቤት መሥራች ስዋሚ ሳትያናንዳ ሳራስዋቲ ያደራጁት ነው። ቅደም ተከተሉም ይታወቃል፤ መደላደል፣ አጭር የልብ ውሳኔ፣ ትኩረትን በአካል ክፍሎች ላይ ማዞር፣ ትንፋሽን ወደኋላ መቁጠር፣ ተቃራኒ ስሜቶችን (ክብደትና ቅለት፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ) ማስተዋል፣ ምስሎችን ማየት፣ መመለስ። ሙሉው ከ30 ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል። እርስዎ ግን ለጊዜው መደላደሉን፣ የአካል ዙሩን፣ ትንፋሹንና መመለሱን ብቻ ይያዙ፤ 15 ደቂቃ ይበቃል። ምስሎቹ ለጀማሪ ብዙውን ጊዜ ሌላ ሐሳብ ይጎትታሉ።

ቅጂ ሲመርጡ ድምፁ የማይጎረብጥዎ፣ በመሐል ማስታወቂያ የማያስገባ፣ በዐረፍተ ነገሮች መካከልም ዝምታ ያለው ይሁን። ቋንቋው በልብዎ የሚያስቡበት መሆኑ ከሙዚቃው ይበልጣል፤ በሌላ ቋንቋ ሲሆን ሳያውቁት መተርጎም ይጀምራሉ። የሚስማማዎ ካጡ በራስዎ ድምፅ ስልክዎ ላይ ይቅዱ። እንዲህ ይበሉ፦ «የቀኝ እጅ አውራ ጣት… ሌባ ጣት… የመሐል ጣት… የቀለበት ጣት… ትንሿ ጣት… መዳፍ… የእጅ ጀርባ… አንጓ… ክንድ… ክርን… ትከሻ… ብብት… ጎን… ዳሌ… ጭን… ጉልበት… ባት… ቁርጭምጭሚት… ተረከዝ… ውስጥ እግር… የእግር ጣቶች።» ከዚያ ግራው በዚሁ ቅደም ተከተል፣ ከዚያ ጀርባ ከታች ወደ ላይ፣ በመጨረሻ ፊት። በየስሙ መካከል 3 ወይም 4 ሰከንድ ይቁሙ። ከዚያ በላይ ሲዘገይ ሐሳብ ይገባል። «ዘና በል»፣ «ልቀቅ» የሚል ትእዛዝ አይጨምሩበት። ሰው ዘና ለማለት ሲታገል ይወጠራል፤ የቦታው ስም ሲጠራ ትኩረቱ እዚያ መድረሱ ብቻ ይበቃል። ከዙሩ በኋላ «እየወጣ ያለው ትንፋሽ፣ 20… የሚቀጥለው፣ 19…» እያሉ ወደ 1 ይውረዱ።

ሐሳብ ይዞዎት ሄዶ «ቀኝ ክርን» ላይ ጠፍተው «ግራ ጭን» ላይ ቢነቁ የዘለሉትን ለማካካስ አይመለሱ። ድምፁ ያለበት ቦታ ላይ ይቀላቀሉ። መጥፋትና መመለሱ ልምምዱ ራሱ ነው፤ በአንድ ዙር አሥር ጊዜ ቢያጋጥምዎት አሥር ጊዜ ሠሩ ማለት ነው። እየተበሳጩ መነሳትዎ የመጣው ሐሳብ መምጣት እንደሌለበት ስለጠበቁ ይመስለናል።

ወደ እንቅልፉ እንምጣ። በተጋደሙ ቁጥር ወዲያው የሚወስድዎ ከሆነ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ አንሶዎታል ማለት ነው። ለአዋቂ ሰው በትንሹ የ7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ ያ ካልሞላ የትኛውም እረፍት አይተካውም፣ ሰውነትዎም በተመቸው ቁጥር የጎደለውን ሊወስድ ይሞክራል። ሌሊቱን በቂ ሰዓት ተኝተው ቀን ላይም የሚያንቀላፉ ከሆነ፣ በተለይ አብሮዎ የሚተኛ ሰው እንደሚያንኮራፉ ወይም ትንፋሽዎ እንደሚቋረጥ ከነገረዎ፣ ሐኪም ያማክሩ። ከዚህ ውጭ ያለው በአሠራር ይስተካከላል። ሰዓቱን ከማታ ወደ ቀደም ይበሉ። ትራሶቹን ደርድረው ደረትዎንና ጭንቅላትዎን ከፍ ያድርጉ። ይህም ካልረዳ አንድ ክርንዎን ወለሉ ላይ አስደግፈው ክንድዎን ወደ ላይ ያቁሙ፤ ሲያሸልብዎ ክንዱ ይወድቅና ይነቃሉ። ሰመመን ውስጥ ሆነው ድምፁን እየሰሙ ትርጉሙን መከታተል ቢያቅትዎ ግን እሱ እንቅልፍ አይደለም፤ የሚፈለገው ቦታ ነው።

ለመቀጠል የሚያስችልዎ ሰዓቱና ቦታው ነው። ቀድሞውኑ በየቀኑ ከሚያደርጉት ነገር ጋር ያያይዙት። ለእርስዎ የሚሻለው ሥራ ጨርሰው ልብስ እንደቀየሩ፣ እራት ከመብላትዎ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ጠግቦ መጋደም ቃር ያመጣል፤ ከበሉ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆዩ። ብርድ ልብሱንና ፎጣዎቹን አንድ ላይ ወንበሩ አጠገብ ያስቀምጡ። ደክሞት የመጣ ሰው ብርድ ልብስ ፍለጋ ቁም ሳጥን መክፈት ካለበት ያን ቀን አይሠራም፤ ብዙዎች የሚያቋርጡት በዚህ ትንሽ ነገር ነው። ጊዜ ያጠረ ቀን 5 ደቂቃ ባትዎን ወንበር ላይ አሳርፈው ይነሱ። ያለፈ ቀንን በማግስቱ በእጥፍ አይክፈሉት።

ከአንድ ወር በኋላ ሁለተኛ አተኛኘት መጨመር ይችላሉ። ትራሶቹን በርዝመታቸው ደራርበው አንድ ብርድ ልብስ ያልብሷቸውና ጫፋቸውን ከኋላዎ ወገብዎ ሥር አስጠግተው በላያቸው ይጋደሙ፣ ጭንቅላትዎ ከደረትዎ ከፍ ብሎ። ውስጥ እግሮችዎን አገጣጥመው ጉልበቶችዎ ወደ ጎን ሲወርዱ በየጭኑ ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይግባ፤ ጉልበት አየር ላይ ከተንጠለጠለ የውስጥ ጭንን ይስባል። ወገብዎን ከቆነጠጠዎ በአራት ጣት ስፋት ከትራሱ ይራቁ፣ ወይም መቀመጫዎን በታጠፈ ብርድ ልብስ ከፍ ያድርጉ። በጠረጴዛ ላይ ያጎነበሰ ደረት በዚህ ይከፈታል። 5 ደቂቃ ይጀምሩ፣ ወደ 10 ያድርሱት፣ ከዚያ ወደ ወንበሩ ይሂዱ።

እግርን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መተኛት በጣም የተወደደ ነው፤ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም)፣ የሬቲና (የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ችግር፣ ያልተቆጣጠሩት የደም ግፊት፣ የልብ ድካም ወይም የእግር ደም መርጋት ያለበት ሰው ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሥራው። ነፍሰ ጡር ሴት ከእርግዝናዋ አጋማሽ በኋላ በጀርባዋ ሳይሆን በግራ ጎኗ ትተኛ፣ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ አድርጋ። ዓይን ጨፍኖ መጋደም ፍርሃት ወይም ክፉ ትዝታ የሚቀሰቅስባቸውም አሉ። እነሱ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ጀርባቸውን ግድግዳ አስነክተው በጎን ይተኙ፣ በ3 ደቂቃም ይጀምሩ፤ ካልቀለላቸው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ።

አነሳስዎ ላይ አይቸኩሉ። ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ፣ ጉልበቶችዎን ወደ ደረትዎ ስበው በቀኝ ጎንዎ ይዙሩ፣ አምስት ስድስት ትንፋሽ ይቆዩ። ከዚያ በእጅዎ ወለሉን ገፍተው ይቀመጡ፣ ጭንቅላትዎ በመጨረሻ ይምጣ። አንድ ደቂቃ ሳይቀመጡ አይቁሙ። ከረጅም እረፍት በድንገት ሲቆሙ የደም ግፊት ይወርድና ራስ ያዞራል፤ የግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ ይበልጥ ያሰጋል።

አንድ ነገር ሳንደብቅ እንንገርዎ፤ ይህ ልምምድ የተወጠረውን ያላላል እንጂ የደከመውን ጡንቻ አያጠነክርም። ቀን ላይ በየ30 ወይም 40 ደቂቃው ከመቀመጫዎ መነሳትና በየቀኑ በእግር መሄድ ካልታከለበት ማጅራትዎ ማታ የላላውን በማግስቱ መልሶ ይቋጥረዋል። ወገብዎን ደግሞ በየጊዜው ይከታተሉ። ሕመሙ ወደ አንድ እግርዎ የሚወርድ ከሆነ፣ እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎ ወይም በሁለቱ ጭኖችዎ መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።